ማሽኑ አረንጓዴ ስላበራ ሞቋል ማለት አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። ስለ ደም ልገሳ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሁፍ አንብቤዋለሁ፣ ሰው እንዲለግስ መቀስቀሳችሁ በጣም ጥሩ ነው በርቱ። ግን ጽሁፉ ያለቀው ለጋሹ ደሙን ሰጥቶ ለስላሳ ጠጥቶ ሲወጣ ነው፣ ከዛ በኋላ ከረጢቱ በምን በምን እንደሚያልፍ ምንም አልተባለም። እኔ የጅማ ነዋሪ ነኝ፣ ስራዬ የህክምና መሳሪያ ጥገና ነው፣ ዛሬ ምጽፍላችሁ ደሞ ብዙ ሰው ስሟን እንኳን ሰምቶ ስለማያውቃት ስለ ደም ከረጢት ቱቦ መበየጃ ማሽን ነው። በተለይ ስለ ሙቀቷ። ያቺ ማሽን ጀርም ምትከላከለው በሙቀት ብቻ ነው፣ ሙቀቱ ከጎደለ ሌላ መከላከያ የላትም፣ ሙቀቱን ግን ባየሁት ቦታ ሁሉ ለክቶ ሚመዘግብ ሰው የለም።

መጀመሪያ ሰው ሚያደበላልቃቸውን ሁለት ማሽኖች ልለይ። ደም የለገሰ ሰው ቲዩብ ሲለር ሳያይ አይቀርም፣ የከረጢቱን ቱቦ ነክሳ ጭምቅ አድርጋ ምትዘጋው ናት። እሷ ሙቀቷን ምታመጣው በሬዲዮ ሞገድ ነው፣ ብዙዎቹ በ40.68 ሜጋኸርዝ ነው ሚሰሩት፣ ሞገዱ ቱቦው የተሰራበት ፕላስቲክ፣ ፒቪሲው፣ ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች ስለሚያንቀጠቅጣቸው ፕላስቲኩ ከውስጡ ይሞቅና ይጣበቃል። የሷ ስራ መዝጋት ነው። መበየጃዋ ግን ምትሰራው ሌላ ነው፣ ሁለት የተዘጉ ከረጢቶችን ቱቦ ቆርጣ አንዱን ካንዱ ትገጥማለች፣ ውስጣቸው ውጪውን አየር ሳያገኝ፣ ማለትም ስቴራይል፣ ከጀርም ነጻ፣ እንደሆኑ። ይሄን ሀሳብ ወደ ገበያ ያመጣው ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው፣ እ.ኤ.አ በ1980ዎቹ፣ ኋላ ላይ የጃፓኑ ቴሩሞም የራሱን ሰርቶ በብዙ አገር ደም ባንኮች ገብቷል።

አሰራሯ እንዲህ ነው። ሁለቱን ቱቦዎች ጎን ለጎን መያዣው ላይ ታስተኛቸዋለህ፣ ክዳኑ ሲዘጋ ቱቦዎቹን ጨፍልቆ ይይዛቸዋል። ከዛ አንዲት ስስ የመዳብ ምላጭ፣ ካታሎጉ ዌፈር ይላታል፣ በኤሌክትሪክ ትግላለች፣ እንደየማሽኑ አይነት ከ260 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ። የጋለችው ምላጭ ሁለቱንም ቱቦዎች ባንድ ጊዜ ትቆርጣለች፣ የተቆረጠው ጫፍ ቀልጦ ምላጯ ላይ ስለሚለጠፍ አየር ሚገባበት ክፍተት አይኖርም። ምላጯ መሀል እንዳለች መያዣው ይንሸራተትና የአንደኛው ቱቦ ጫፍ ከሌላኛው ፊት ለፊት ይመጣል፣ ምላጯ ትወጣለች፣ ሁለቱ የቀለጡ ጫፎች ይገፋፉና ይጣበቃሉ። ትንሽ እስኪቀዘቅዝ ተጠብቆ ክዳኑ ይከፈታል፣ ባለሙያው የተበየደውን ቦታ በጣቶቹ መሀል አሸት አሸት ሲያደርገው ውስጡ ይከፈታል፣ ደሙ ወይ ፕላዝማው ያልፋል። ሁሉም ነገር በሰከንዶች ነው ሚያልቀው።

አሁን ለምን 300 ዲግሪ ሊሉ ይችላሉ። የህክምና እቃ ላይ ያለ ጀርም በእንፋሎት ሚገድለው ማሽን፣ አውቶክሌቭ፣ በ121 ዲግሪ 15 ደቂቃ ይፈልጋል፣ ደረቅ ሙቀት ከሆነ ደሞ 160 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰአት ነው። መበየጃዋ ሁለት ሰአትም 15 ደቂቃም የላትም፣ ያላት ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው፣ ስለዚ ጊዜውን በሙቀት ነው ምታካክሰው። ባጭር ሰከንድ ውስጥ ቱቦው ቆዳ ላይ ያለው ጀርም በሙሉ እንዲሞት ሙቀቱ በጣም ከፍ ማለት አለበት። 300 ሊደርስ የታሰበው 220 ላይ ቢቀር ፕላስቲኩ ይቆረጣል፣ ይጣበቃልም፣ ለአይን ምንም ልዩነት ላይኖረው ይችላል። ለስላሳ ፒቪሲ ለመቅለጥ ያን ያህል አያስቸግርም እኮ። ጀርሙ ግን ላይሞት ይችላል። እኔን እንቅልፍ ሚነሳኝ ይሄ ነው፣ ብየዳው መያዙና ስቴራይል መሆኑ ሁለት የተለያየ ነገር ነው፣ የመጀመሪያውን በአይንህ ታየዋለህ ሁለተኛውን አታየውም።

ይሄ ለጅማ ምን ያደርግላታል ሚል ሰው ካለ ህጻናቱን ያስብ። አንድ ከረጢት ሙሉ ደም ብዙ ጊዜ 450 ሚሊ ሊትር ነው። 2 ኪሎ ሚመዝን ጨቅላ ደም ቢያስፈልገው በኪሎ 15 ሚሊ ሊትር ብንይዝ ሚወስደው 30 ሚሊ ብቻ ነው። ለዛ 30 ሚሊ ብለህ ከረጢቱን ከከፈትከው ሲስተሙ ተከፍቷል ይባላል፣ ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ብታስቀምጠውም በ24 ሰአት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል፣ ባይከፈት ኖሮ ግን ሲፒዲኤ አንድ ሚባለው ደም እንዳይረጋ ሚያደርግ ፈሳሽ ያለበት ደም 35 ቀን ይቆያል። መበየጃ ካለህ ትንንሽ ባዶ ከረጢቶችን እያገናኘህ የሚበቃውን ብቻ ትቀዳለህ፣ ዋናው ከረጢት የራሱን ቀን ይዞ ይቀጥላል፣ ህጻኑ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ቢያስፈልገው ከዛው ለጋሽ ያገኛል፣ ከብዙ ሰው ደም እንዳይነካካ ይሆናል። ደም እንዲረጋ ሚያደርገው የደም ክፍል፣ ፕሌትሌትም፣ እንደዛው፣ እሱ ደሞ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ እየተወዘወዘ 5 ቀን ነው እድሜው፣ ክፍል ሙቀት ላይ ስለሚቀመጥ አንዲት ባክቴሪያ ገብታ ብትገኝ በደንብ ትራባበታለች። የኛ አካባቢ ወባ ደማቸውን የጨረሰባቸው ህጻናትና ሲወልዱ ደም የፈሰሳቸው እናቶች በየቀኑ ደም ሚጠብቁበት አካባቢ ነው፣ አንድ ከረጢት በከንቱ ሲጣል ሚያመው ለዚ ነው። የተበከለ ደም መስጠት ደሞ ከመጣሉም በላይ የከፋ ነው።

እና ወደ ሙቀቱ። ማሽኗ ምላጯ ምን ያህል እንደጋለች እንዴት ታውቃለች? ብዙ ሰው ማሽን ከሆነማ ያውቃል ብሎ ነው ሚያስበው። እውነቱን ለመናገር አብዛኛውን ጊዜ ማሽኗ ምላጯን በቀጥታ አትለካትም። አንዳንዶቹ ምላጯ ውስጥ ባለው ኤለመንት ውስጥ ሚያልፈውን ቮልቴጅና ከረንት እያባዙ ይህን ያህል ፓወር ለዚህን ያህል ሰከንድ ገብቷል ስለዚ ሞቃለች ብለው ይገምታሉ። ሌሎቹ ከምላጯ አጠገብ ያለ ብሎክ ላይ ሴንሰር አላቸው፣ ቴርሞካፕል ሚባለው በሽቦ ሙቀት ሚለካ ወይ ሌላ፣ የብሎኩን ሙቀት አይተው የምላጯን ይገምታሉ። ሁለቱም በደንብ ከተሰራና ከተጠበቀ ልክ ነው፣ ፋብሪካው ሲያወጣው ፈትኖታል። ግን ግምት ነው። አረንጓዴዋ መብራት ምትለው የማሽኗ መቆጣጠሪያ፣ ኮንትሮለሩ፣ የጠበቀውን ቁጥር አግኝቷል ነው፣ ምላጯ ጫፍ ላይ ቱቦውን ሚነካው ቦታ 300 ዲግሪ ነው አላለችም።

ይሄ ግምት ሚሳሳትባቸው መንገዶች ደሞ እኛ ሀገር ብዙ ናቸው። አንደኛው መብራት ነው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድ ሚጥድበት ሰአት መብራቱ ደክሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ እንጀራ አይን ሳያወጣ ተለጥፎ ሲቀር ያላየ የጅማ ሰው የለም። 220 ቮልት መሆን ያለበት 180 ሲሆን ሰው ትንሽ ቀነሰ ነው ሚለው፣ ግን ኤለመንት ላይ ሙቀት ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው ሚሄደው፣ ሂሳቡን ብትሰሩት 180 በ220 ሲካፈል ስኩዌሩ 0.67 ነው፣ ማለትም ከሙቀቱ ሲሶው ጠፍቷል። አዳዲሶቹ ማሽኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት ሚቀበል ፓወር ሰፕላይ ስላላቸው ይሄን ይቋቋሙታል፣ ተራ ትራንስፎርመር ያላቸው የቆዩት ግን እንደዛ አይደሉም፣ የሶኬቱን ድካም ቀጥታ ወደ ምላጯ ነው ሚያስተላልፉት። በእርዳታ ሚመጡት ደሞ ብዙ ጊዜ የቆዩት ናቸው። ለ110 ቮልት ተሰርተው ሚመጡም አሉ፣ እነሱ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ከተሰኩ ወዲያው ይቃጠላሉ፣ አንድም ብየዳ ሳይበይዱ።

እዚ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፣ ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋዋት ሚያመነጨው እዚሁ አጠገባችን ነው፣ ከ2004 እ.ኤ.አ ጀምሮ፣ ከዛም ጊቤ ሁለትና ሶስት ተከትለዋል፣ እና እኛ ሆስፒታል ውስጥ የቮልቴጅ ነገር እናወራለን። ግድቡ ምንም አላጠፋም፣ ከግድቡ እስከ ሶኬቱ ያለው መስመርና ትራንስፎርመር ነው ነገሩ፣ ግን ሚያሳዝን ነው።

መብራት ብየዳው መሀል ላይ ሲጠፋ ደሞ ሌላ ጣጣ ነው። ምላጯ ግማሽ ቆርጣ ቆማ፣ ቱቦው ላይ ተጣብቃ፣ እየቀዘቀዘች ትቀራለች። መብራቱ ሲመለስ ያንን ቱቦ እንደገና በይዶ ለመቀጠል መሞከር አይገባም፣ ያ ከረጢት ተከፍቷል ተብሎ ነው መታሰብ ያለበት። ጄኔሬተር እስኪነሳ ያለው ጊዜ አጭር ቢሆንም ለብየዳ ግን ረጅም ነው። ስለዚ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ሚያስቀጥለው፣ ለዚች ማሽን ቅንጦት አይደለም፣ ስታብላይዘር ብቻውን ደሞ አይበቃም፣ ስታብላይዘር የደከመውን ያስተካክላል እንጂ የጠፋውን አያመጣም።

ሁለተኛው መንገድ ኮንታክት ነው፣ ምላጯ ከማሽኑ ጋር ኤሌክትሪክ ምትቀባበልበት ቦታ። እሱ ቦታ በፕላስቲክ ጭስ፣ በአቧራ፣ በክረምት እርጥበት ይጠቁራል። የጅማ ክረምት ደሞ ይታወቃል፣ ዝናቡ አይቆምም፣ ክፍሉ ሁሉ ይረጥባል። ለምሳሌ ያህል የምላጯ ኤለመንት ኤሌክትሪኩን ሚቋቋምበት መጠን (ሬዚስታንስ) 2 ኦም ቢሆንና የጠቆረው ኮንታክት 0.2 ኦም ቢጨምር ትንሽ ይመስላል አይደል? ቮልቴጁ ያው ከሆነ ምላጯ ላይ ሚደርሰው ፓወር 17 ከመቶ ይቀንሳል። ማሽኗ ጠቅላላ ፓወር ምትቆጣጠር አይነት ብትሆን እንኳን ኮንታክቱ ላይ ሚባክነውን ሙቀት ምላጯ ያገኘችው መስሏት ነው ምትቆጥረው። መብራቷ አረንጓዴ ነው። ኮንታክቱን አልኮል በነካ ጥጥ እንጨት መጥረግ ግን የደቂቃ ስራ ነው፣ የጥገና ካርዱ ላይ መስመር ስለሌለው ብቻ ሳይሰራ ይቀራል።

በሰራሁበት አንድ ተቋም ውስጥ፣ ስሙን አልጠራውም፣ ይሄው ነገር ገጥሞናል። አንዷ የላቦራቶሪ ባለሙያ እህታችን ሁሌም ከብየዳ በኋላ ቱቦውን በሁለት እጇ ይዛ ሳብ ታደርገው ነበር፣ ማንም አላዘዛትም፣ መመሪያው ላይ አንብባ ነው። ጠዋት ሚበየዱት ይይዛሉ፣ ወደ ማታ ሚበየዱት ግን አንዳንዶቹ ስትስባቸው ይላቀቁባት ጀመር። ማሽኗ ግን ምንም ስህተት አላሳየችም። ስንለካው የግድግዳው ሶኬት ከ220 ብዙ ወርዷል፣ ኮንታክቶቹም ጥቁር ሆነዋል። ጠርገን ዩፒኤስ ላይ ስናደርጋት ብየዳው ተስተካከለ፣ እህታችን እስክትጠራጠር ድረስ የተበየዱት ከረጢቶች ደሞ ተለይተው ተያዙ። እኔ ግን እስካሁን ማስበው ሳትላቀቅ የቀረችውን ነው፣ ሙቀቷ ጎድሎ ግን ስትሳብ የያዘችውን። ያቺን በመሳብ አታገኛትም።

ሶስተኛው ቅዝቃዜና ውሃ ነው። ከረጢቱ ከ4 ዲግሪ ፍሪጅ ወጥቶ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ቱቦው ላይ ላብ ይወጣዋል፣ ጠል ይይዘዋል። አንዲት ጠብታ ውሃ፣ 0.05 ግራም በሉት፣ እሷን አሙቆ አትንኖ ለመጨረስ 130 ጁል ገደማ ይፈጃል። አንድ ግራም መዳብ ከ20 ዲግሪ ወደ 280 ለማድረስ ደሞ 100 ጁል ገደማ ነው ሚበቃው። አያችሁት? ምላጯ ስስ ናት፣ የያዘችው ሙቀት ትንሽ ነው፣ አንድ ጠብታ ውሃ ያንን ሙቀት ጠጥታ ልትጨርስ ትችላለች። ስለዚ ቱቦው ከመበየዱ በፊት በደረቅ ንጹህ ጨርቅ መጠረግ አለበት ሲባል ለጽዳት ብቻ አይደለም፣ ለሙቀቱ ነው። ይሄን የነገርኳቸው ባለሙያዎች ሁሉ ከዛ በኋላ ሳይጠርጉ አይበይዱም፣ ሰው ምክንያቱን ሲያውቅ ይሰራዋል፣ ትእዛዝ ብቻ ሲሆን ነው ሚረሳው።

ሙቀቱ ሲበዛስ? እሱም አለ። ሴንሰሩ ከብሎኩ ላላ ሲል ከእውነተኛው ያነሰ ያነባል፣ ኮንትሮለሩ ገና አልሞቀችም ብሎ ተጨማሪ ይገፋል፣ ምላጯ ከልክ በላይ ትግላለች። ያኔ ፒቪሲው ይቃጠላል፣ ቡኒ ይሆናል፣ የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጭስ ያወጣል፣ እሱ አይንና ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ብየዳውም ይሰባበራል። ይሄኛው ግን ይሸታል፣ ይታያል፣ ሰው ቶሎ ይነቃበታል። ስለዚ ብዙም አላሰፋውም፣ አደገኛው ዝም ብሎ ሚቀዘቅዘው ነው።

አሁን ለክተን እንወቀው ሲባል ደሞ ብዙዎቻችን እጃችን ላይ ያለችው መለኪያ ያቺ ተተኩሶባት ምታነበው የኢንፍራሬድ ሽጉጥ ናት። በኮሮና ጊዜ የተገዛችው የግንባር መለኪያ ለሰው ሰውነት ሙቀት ብቻ ነው የተሰራችው፣ ለዚ አትሆንም። የኢንዱስትሪዋም ብትሆን የተወለወለ መዳብ ላይ ትዋሻለች፣ ምክንያቱም የሚያብረቀርቅ መዳብ ሙቀቱን በጨረር መልክ ሚያወጣው በጣም በትንሹ ነው፣ ፍጹም ጥቁር ነገር ከሚያወጣው 5 ከመቶ ገደማ ወይ ከዛም በታች፣ ቀሪው መለኪያዋ ምታየው ከአካባቢው ተንጸባርቆ ሚመጣውን ነው። 280 ዲግሪ ያለውን መዳብ በጣም ዝቅ አድርጋ ልትነግርህ ትችላለች። አንዱ ቴክኒሽያን እሷን አምኖ ማሽኗ አትሞቅም ብሎ ሙቀቱን ከፍ ቢያደርጋት ተቃጠለች ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ በጣም ቀጭን ሽቦ ያለው ኬ ታይፕ ቴርሞካፕል ምላጯ ላይ በደንብ አስነክቶ ቶሎ ቶሎ ሚመዘግብ ሎገር ላይ ማገናኘት ነው፣ ሽቦው ወፍራም ከሆነ እሱ ራሱ የምላጯን ሙቀት ይወስዳል። ቴርሞካፕል ሚለካው በምላጯና በሎገሩ መሀል ያለውን የሙቀት ልዩነት ስለሆነ ሎገሩ እሱ ያለበትን ሙቀት በ5 ዲግሪ ከሳተ ንባቡ ሁሉ በ5 ይስታል፣ ስለዚ መለኪያውም ራሱ ካሊብሬት መደረግ፣ ማለትም ከትክክለኛ መለኪያ ጋር መመሳከር፣ አለበት።

ይሄ ሁሉ ውድ አይደለም እኮ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ሚያስተምር ነው፣ በየአመቱ ተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ይፈልጋሉ፣ ምላጯን በስነስርአት ይዞ ሙቀቷን በየሰከንዱ ክፍልፋይ ሚመዘግብ መፈተሻ መስራት ለነሱ ጥሩ ስራ ነው፣ ከወረቀት አልፎ ሰው ጋ ሚደርስ። ማመሳከሪያውን ደሞ አዲስ አበባ ያለው የስነ ልክ ኢንስቲትዩት ጋ ልኮ ማስተያየት ይቻላል።

ከርእሱ ትንሽ ልውጣና አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም ይሄ የግምት ነገር በመበየጃዋ ብቻ አያበቃም። ጅማ ከባህር ጠለል በላይ 1750 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እዚ ውሃ ሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ግፊት እያየ ብቻ ሚሰራ የድሮ አውቶክሌቭ ጌጁ 15 ፒኤስአይ ላይ ሲደርስ በባህር ጠረፍ 121 ዲግሪ ነው፣ እኛ ጋ ግን የውጪው አየር ግፊት ስለሚያንስ ወደ 118 ነው ሚሆነው። ጌጁ አልዋሸም፣ ግፊቱን በትክክል ነግሮሃል፣ አንተ ነህ ሙቀት ነው ብለህ ያነበብከው። እቃው ላይ ሚለጠፈው በሙቀት ቀለም ሚቀይር ቴፕ፣ ኢንዲኬተር ቴፕ፣ ቀለሙን ስለቀየረ ብቻ አልቋል ብሎ ማውጣትም እንደዛው ነው። ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ሙቀቱን ራሱን መለካት ነው ሚያዋጣን።

እና አሁን እናንተን ምጠይቃችሁ። ማሽን በርክክብ ስነስርአት ሲሰጥ ጋዜጠኛ ትልካላችሁ፣ ፎቶ ይነሳል፣ የማሽኑ ዋጋ ይጻፋል። እዛ ላይ ጋዜጠኛችሁ ሌላም ነገር ይጠይቅልን። ምላጭ ከማሽኑ ጋር ምን ያህል መጥቷል፣ ሲያልቅስ ከየት ይገዛል፣ በመድኃኒት አቅራቢው አገልግሎት የግዢ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል ወይ? ብዙዎቹ ማሽኖች ለእያንዳንዱ ብየዳ አዲስ ምላጭ ነው ሚፈልጉት፣ ምላጩ ሲያልቅ ማሽኗ ጨርቅ ለብሳ ጥግ ላይ ትቀመጣለች፣ ወይ ደሞ ይባስ ብሎ ሰው ያገለገለውን ምላጭ ደግሞ ልጠቀም ይላል፣ ያገለገለ ምላጭ ላይ ደሞ የተቃጠለ ፕላስቲክ ቅሪት ስላለ ሙቀቱ እኩል አይዳረስም፣ ደምም ነክቶት ሊሆን ይችላል፣ በፍጹም መሆን የለበትም። ዩፒኤሱስ በጀቱ ውስጥ አለ ወይ? ሙቀቱን በአመት ስንት ጊዜ ማን ይፈትሻል፣ ወረቀቱስ የት ይቀመጣል? መመሪያው ባለሙያው ሚያነበው ቋንቋ ነው ወይ፣ አንዳንዴ በጃፓንኛ ብቻ ወይ በጀርመንኛ ብቻ ሚመጣ አለ።

ለደም ባንክና ለሆስፒታል ሃላፊዎችም በናንተ በኩል ማስተላለፍ ምፈልገው አለ። መፈተሻ መሳሪያ እስኪመጣ ድረስ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አያስፈልግም። ጠዋት ስራ ሲጀመር ደም በሌለበት ትርፍ ቱቦ አንድ ብየዳ ይሰራ፣ ዙሪያውን ይታይ፣ ሁለቱ ጫፎች ሳይዛነፉ ልክ ገጥመዋል ወይ፣ ይሳብ፣ ከዛ አንዱ ጫፍ ተዘግቶ በሌላው በሲሪንጅ አየር ተገፍቶ ውሃ ውስጥ ይነከር፣ አረፋ ካወጣ ማሽኗ ለዛ ቀን ትቁም። ከሰአት በኋላም ይደገም፣ በተለይ መብራት ሚደክምበት ሰአት ላይ። የሶኬቱ ቮልቴጅ አጠገቡ በደብተር ይጻፍ፣ አንድ ተራ መልቲሜትር ይበቃል። ከተጻፈ በኋላ ነው ነገሩ ሚገለጠው፣ ብየዳው ሚበላሸው ሁሌ አንድ ሰአት ላይ ከሆነ መብራቱ ነው፣ ቀስ በቀስ ከሳምንት ሳምንት ከሆነ ኮንታክቱ ነው፣ ድንገት ከሆነ ሴንሰሩን እዩት። ይሄ ፈተና ስቴራይልነቱን አያረጋግጥም፣ ደግሜ ልናገር፣ ሙቀቱን መለካትና ከተበየዱት ከረጢቶች ናሙና ወስዶ ካልቸር ማድረግ፣ ማለትም ጀርም ይበቅልበት እንደሆነ ማየት፣ የግድ ነው፣ ግን ቢያንስ ማሽኗ ስትደክም ቀድመን እናውቃለን።

የዛች ላቦራቶሪ ባለሙያ አይነት ሰዎችንም አስቡልን። ከብየዳ በኋላ ቱቦ ሳብ አድርጎ ማየት ጊዜ ይወስዳል፣ ከውጪ ደሞ አስታማሚ ቆሞ ቶሎ በሉ እያለ ነው፣ ሃላፊውም ይጣደፋል። እሷ ግን አንድም ቀን አልዘለለችውም። በጽሁፋችሁ ለለጋሾቹ እንዳመሰገናችሁ ለእንደዚ አይነት ሰዎችም አንድ አምድ ብትሰጧቸው፣ መጥታችሁ ስራቸውን ብታዩ፣ በጣም ደስ ይለኛል። ሌላ ከተማ ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼም ይሄን ካነበባችሁ፣ መቀሌም ሁኑ ሀዋሳ ጎንደርም ሁኑ ሀረር፣ እናንተ ጋ ያለችው መበየጃ ምላጯን በፓወር ነው ምትቆጣጠረው ወይስ በሴንሰር፣ ማታ ማታ ሶኬታችሁ ስንት ቮልት ይወርዳል፣ በዚሁ ጋዜጣ ጻፉልን፣ አንድ ላይ አድርገን ስናየው ለግዢ ኮሚቴዎች ምናቀርበው መረጃ ይኖረናል። የሰኔ 7 የደም ለጋሾች ቀን ሳይደርስ ቢሆን ደሞ ጥሩ ነው፣ ያኔ ብዙ ማሽን ይመረቃል።

አክባሪያችሁ
የህክምና መሳሪያ ጥገና ባለሙያ፣ ጅማ